መቶ አምፔር የተባለው ባትሪ 17 ኪሎ መዘነ

ሰላም ለሁላችሁ። አምና ኅዳር ላይ ከደብረ ብርሃን ሶላር ገዝቼ መንዝ እማዬ ቤት አስገብቼ ነበር፣ አሁን አንድ ሙሉ በጋና አንድ ሙሉ ክረምት ስላየሁት ልጻፍበት አልኩ። ሰው እኮ ሶላር በገዛ በሳምንቱ "ቆንጆ ነው ግዙት" ብሎ ይለጥፋል፣ በሳምንቱማ የማያምር ዕቃ የለም፣ ሐምሌ ይግባና እንተያይ። የሱቁን ስም አልጠራም፣ የባትሪውን ማርካም አልነግራችሁም፣ ነገ በሌላ ስቲከር ስለሚመጣ አይጠቅማችሁም። ዋጋም ተዉት፣ እኔ የገዛሁበትና ዛሬ ያለው አይተዋወቁም።

ለቸኮለ ሰው፦ ፓኔሉ ጎበዝ፣ ኮንትሮለሩ እንደነገሩ፣ ኢንቨርተሩ ሆዳም፣ ባትሪው ውሸታም፣ የገጠመልን ልጅ ግን ወርቅ። ያልቸኮለ ይቀጥል። ለማያውቅ ሰው፣ ኮንትሮለር ማለት ከፓኔሉ ወደ ባትሪው ሚገባውን ሚቆጣጠረው ነው፣ ኢንቨርተር ደግሞ የባትሪውን 12 ቮልት እንደ ቆጣሪ መብራት አርጎ ሚቀይረው።

ሱቁ ስገባ አንዲት እናት ከኔ በፊት ቆመው እየጠየቁ ነበር፣ "ይሄ ነገር እንጀራ ይጋግራል ወይ" ይላሉ። ሻጩ ምላሱ ቅቤ ነው፣ "ይጋግራል እናቴ፣ ኢንቨርተሩ እኮ አንድ ሺህ ዋት ነው" አላቸው። እኔም ያኔ ስለማላውቅ አንድ ሺህ ሲባል ብዙ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት አካባቢ ነው ሚፈልገው፣ ገና ሲሰካ ያ ኢንቨርተር ጩኾ ይጠፋል፣ እሺ ተአምር ሆኖ ቢሸከመው እንኳን ባትሪው ውስጥ ያለው በሙሉ ተሟጦ ሃያ ደቂቃ አያስኬድም፣ ሃያ ደቂቃ ደግሞ ምጣዱ ግሎ ሁለት ሦስት እንጀራ ቢወጣ ነው። ሴትዮዋ ገዝተው ይሁን ትተው አላየሁም፣ ትተው በሆነ።

ከዛ ተራዬ ደረሰ። ዕቃው እንዲህ ነበር፦ 150 ዋት ፓኔል፣ 12 ቮልት መቶ አምፔር ጄል ባትሪ፣ ኮንትሮለር፣ አንድ ሺህ ዋት ኢንቨርተር፣ አራት ባለ 5 ዋት አምፖል ከነገመዱ። ለእማዬ ደወልኩ፣ ድምፁን ከፍ አርጌ ሻጩም እንዲሰማ። "እማዬ ሶላሩን ልገዛ ነው" ስላት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፣

"ስንት ሰዓት ያበራል?"

ሻጩ ቀበል አርጎ "150 ዋት ነው በላት" አለኝ። አልኳት።

"እኔ ዋት መች አልኩ? ሰዓት ነው ያልኩህ።"

ሳቅን፣ አልፈን ሄድን። ይሄን ያህል ወር ከዛ ዕቃ ጋር ስታገል ከርሜ የደረስኩበት ግን እማዬ ያለችው ላይ ነው። ሱቁ ሚሸጥላችሁ በዋት ነው፣ እናንተ ቤት ሚያስፈልጋችሁ ግን በዋት ሰዓት ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ጭራሽ አንድ አይደሉም። በኩበት ላስረዳችሁ፣ እኛ ሀገር መቼም ኩበት የማያውቅ የለም። እሳቱ አሁን በዚች ደቂቃ ምን ያህል ይነዳል ካላችሁ እሱ ዋት ነው። እስኪበስል ድረስ ከክምሩ ስንት ኩበት አለቀ ካላችሁ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ሺህ ዋት ሰዓት ሲሞላ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይባላል፣ ቆጣሪ ካርድ ስትሞሉ ሚቀነስባችሁ እሱ ነው። አንድ ሺህ ዋት ኢንቨርተር ማለት ትልቅ እሳት መሸከም የሚችል ምድጃ ማለት ነው እንጂ ኩበት አለው ማለት አይደለም። ኩበቱ ያለው ባትሪው ጋ ነው፣ ኩበቱን ሚያመጣው ፓኔሉ ነው።

እማዬ ቤት ያለውን ልቁጠርላችሁ። አራቱ አምፖል ማታ አራት ሰዓት ያህል ቢበሩ 80 ዋት ሰዓት፣ ትንሿ ፍላት ቲቪ 40 ዋት ነች ሦስት ሰዓት ብታዩ 120፣ ሪሲቨሩ 45፣ የስልክ ቻርጅ ሌላ 45፣ በቃ 290 ነው ጠቅላላው። ባትሪው 12 ቮልት መቶ አምፔር ከሆነ (ባትሪ ላይ አምፔር ሲሉ አምፔር ሰዓት ማለታቸው ነው) ታባዙታላችሁ 1200 ዋት ሰዓት፣ ይበቃል ይተርፋል አይደል? እኔም እንደዛ ነበር ያሰብኩት።

መጀመሪያ ፓኔሉን ላመስግን። የሀገራችን ሰው ሶላር ለቆላ ነው ሲል ትሰማላችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ያለው የአጎቴ ልጅም "እናንተ ጋ በዛ ብርድ ምን ይሠራል" ብሎ አሹፎብኝ ነበር። ተገላቢጦሽ ነው። ፓኔል ሚፈልገው ብርሃኑን ነው፣ ሙቀቱን አይወደውም፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ዋት ራሱ 25 ዲግሪ ላይ የተለካ ነው፣ ከዛ በላይ በያንዳንዱ ዲግሪ ከመቶ 0.4 አካባቢ እየቀነሰ ይሄዳል። ቆላ ላይ እኩለ ቀን ፓኔሉ ራሱ 60 ዲግሪ ሲገባ 14 በመቶ ሄደ ማለት ነው። መንዝ ላይ ያ ጥርት ያለ የታኅሣሥ ፀሐይ ከዛ ቀዝቃዛ ነፋስ ጋር ለሱ ሠርግ ነው። ገጣሚው ልጅ ቀትር ላይ በቴስተር ሲለካው 8 አምፔር ደፈን አለ፣ ወረቀቱ ላይ 8.8 ነበር ሚለው፣ ለቻይና ስቲከር ይሄ ታማኝነት ነው። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፣ ፓኔል ስትገዙ ስፋቱን በክንዳችሁ ለኩት፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል የሆነ ፓኔል ከ150 እስከ 200 ምናምን ዋት ነው ሚሰጠው፣ ትሪ ምታህል ነገር ይዞ "ሦስት መቶ ዋት" ሚላችሁን ሰው ሰላም ብላችሁት ውጡ።

አገጣጠሙ ላይ ግን ጥፋቱ የኔ ነበር። ትልቁ ቤት የጓሳ ሳር ክዳን ነው፣ እሱ ላይ ስለማይሆን ቆርቆሮ ያለው ማድ ቤቱ ነው ብዬ እዛ አስወጣሁት። ልጁ "ጋሼ ጭሱስ?" አለኝ፣ "ምን ያረገዋል" አልኩ እንደ አዋቂ። በሁለት ወሩ የኩበቱ ጭስ መስታወቱ ላይ ቡናማ ቅባት ነገር ሠርቶበት በጣቴ ባሰምርበት መንገድ አወጣ። ላይዳው አጠገብ ምሰሶ ተክለን አወረድነው፣ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ሀገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች አሥር አሥራ አምስት ዲግሪ ይበቃል፣ ዝናብ ራሱ እንዲያጥበው ያህል ነው። አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥላውን ጥግ ላይ ይጥልበት ነበር፣ እጅ የምታህል ጥላ ናት፣ ፓኔሉ ውስጥ ያሉት ክፍሎች እንደ ሰንሰለት ስለተያያዙ አንዷ ስትታፈን ሌሎቹንም ይዛ ነው ምትወርደው። ቅርንጫፉን ለማስቆረጥ ጎረቤት ጋ ሽማግሌ ልኬያለሁ፣ የምሬን ነው።

ኮንትሮለሩ ላይ ኤምፒፒቲ ተብሎ ተጽፎበታል፣ አይደለም፣ ተራው ፒደብልዩኤም ነው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ ፓኔሉ በ18 ቮልት ነው ሚሠራው፣ ባትሪው 13 አካባቢ ነው ሚቀበለው፣ ደህናው ኮንትሮለር ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ይቀይረዋል፣ ተራው ዝም ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ 150 ዋቱ ባትሪው ጋ ሲደርስ 108 ነው፣ በቀን አምስት ሰዓት ደህና ፀሐይ ብታስቡ 540 ዋት ሰዓት። ለ290 ፍጆታ ግን አሁንም በቂ ነው፣ ለዛ ነው እንደነገሩ ያልኩት፣ ደግሞ ባትሪው ሲደክም መብራቱን ይቆርጣል፣ እማዬም አውቃዋለች፣ "ዓይኑ ቀልቷል ዛሬ" ትላለች ቀዩ ሲበራ።

እና ዓይኑ መቅላት አበዛ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰላም ነበር፣ ጥር ላይ ማታ ሦስት ሰዓት ሲል ጥፍት። ለጥምቀት ስሄድ ገጣሚውን ልጅ ይዤው ሄድኩ። ልጁ ገና ባትሪውን ወደ ጎን ሊያስጠጋ ሲያነሳው ፊቱ ተቀየረ። መልሶ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሳው፣ በአንድ እጁ። "ጋሼ ሚዛን አለ?" አለኝ። ጎረቤት እህል ሚመዝኑበት ነበር፣ አስመጣን፣ ባትሪውን በጆንያ አርገን ሰቀልነው፣ 17 ኪሎ። "መቶ አምፔር ጄል ከ28፣ 29 ኪሎ አይወርድም፣ እርሳስ እኮ ነው ውስጡ፣ ስቲከር ይዋሻል እርሳስ አይዋሽም" አለኝ። ባትሪው ቢበዛ ሃምሳ አምስት ቢሆን ነው። በዛ ላይ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ዕድሜው ያጥራል፣ ግማሽ ማለት ደግሞ ለኔ 330 ዋት ሰዓት ብቻ ማለት ነው፣ እኛ በየማታው እስከ ታች ስንጨምቀው ከርመናል፣ የመንዝ የጥር ሌሊት ብርድም ይቀንስበታል። ለካ እሱን ነበር በሁለት ወር የገደልነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ስወስደው ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ረዳቱ ባትሪውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ እንደ ጆንያ ቅጠል የመኪናው ጣሪያ ላይ ሲወረውረው "አቤት ጉልበት" ብዬ ተገርሜ ነበር።

ግን 330ም ቢሆን ለ290 ይበቃል እኮ፣ ልጁም እሱን ነው ያሰበው፣ ሌላ ሚበላ ነገር አለ ብሎ ፍለጋ ገባ። አምፖሉን በሙሉ አጠፋን፣ ቲቪ ተነቀለ፣ ስልክ ተነቀለ፣ አሁንም ከባትሪው 0.8 አምፔር ይወጣል። ኢንቨርተሩ ነው። ምንም ሳይሰካበት፣ ሥራ ፈቶ ቁጭ ብሎ፣ አሥር ዋት ይበላል፣ በ24 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት፣ ማለትም ቲቪውና ሪሲቨሩ ተደምረው በማታ ሚበሉትን ሁሉ አስከንድቶ። እማዬ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ሲንሾካሾክ ስለምትሰማው በረደው ብላ ነጠላ አልብሳዋለች። እውነቴን ነው፣ ነጠላውን ስናነሳ እንደ ምጣድ ግሏል። "እንዴ እማዬ!" ስላት "ሲያጉረመርም ጊዜ አሳዘነኝ" አለች።

ልጁ ያረገው ነገር ቀላል ነው ግን ሻጩ ማድረግ የነበረበት ነው። አምፖሎቹ ባለ 12 ቮልት ዲሲ (ከባትሪው እንደወጣ ሚሠሩ) ስለሆኑ ኢንቨርተር አያስፈልጋቸውም፣ በቀጥታ ከኮንትሮለሩ ነው ሚበሩት፣ ስልክ ቻርጁንም በዛው በዩኤስቢ አረገው፣ ኢንቨርተሩን ለቲቪ ብቻ በማብሪያ ማጥፊያ ለየው። ከዛን ቀን ጀምሮ ያ የሞተ ባትሪ ራሱ እስከ አራት ሰዓት ማብራት ጀመረ። አንድ ብር አዲስ ዕቃ ሳይገዛ። ይሄን ነው እንግዲህ የኃይል ቁጠባ ሚሉት። ሰዉ ግን ቁጠባ ሲባል በጨለማ መቀመጥ ይመስለዋል፣ እማዬም አምፖሉን በየደቂቃው እያጠፋች ታስቸግረን ነበር፣ አንዷ አምፖል በማታ ምትበላው 20 ዋት ሰዓት ነው፣ ሌባው ግን ነጠላ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ያው ነገር ከተማም አለ። እኔ ደብረ ብርሃን ያለሁበት ቤት አምስት የድሮ 60 ዋት አምፖል ነበር፣ በ9 ዋት ኤልኢዲ ቀየርኳቸው፣ ብርሃኑ ያው ነው ፍጆታው ግን አንድ ስድስተኛ አይሞላም። ይሄ ደግሞ ብቃት ነው ሚባለው፣ ያንኑ ሥራ በትንሽ ኃይል መሥራት። ምጣዱን ግን ምንም አምፖል አይስተካከለውም፣ እኛ አሁን ለሳምንት ሚሆነውን በአንድ ጊዜ ነው ምንጋግረው፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ እያከታተላችሁ ስትጋግሩ ለማጋል ሚወጣውን ደጋግማችሁ አትከፍሉም፣ ካርዱ ላይ ይታወቃል።

ክረምቱ እንዴት ነበር? ሐምሌና ነሐሴ መንዝ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ ቤት ውስጥ ገብቶ ቡና ሚጠጣበት ወር ነው። ፀሐይ ሳናይ ሦስት አራት ቀን ተከታትሎ ያልፋል፣ ፓኔሉ በደመናም ትንሽ ትንሽ ይሰጣል ግን ለቲቪ አይሆንም። ሁለት አምፖልና ስልክ ብቻ አረግን፣ ወጣን። በረዶም ወርዶበታል፣ ጓሮ ያለውን ጎመን ወንፊት ሲያረገው ፓኔሉን ግን ምንም አላለው። ከአራቱ አምፖል አንዱ ሚያዝያ ላይ ተቃጥሏል፣ ሌሎቹ አሉ።

ዘንድሮ ለመስቀል ስሄድ ጎረቤታችን "ግድቡ አልቆ ተመርቆ የለ እንዴ፣ ምን ሶላር ሶላር ትላለህ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5150 ሜጋ ዋት፣ ሁላችንም ቦንድ ገዝተንበታል። ግን እሱም ዋት ነው እኮ፣ ማመንጨት ሌላ፣ ማስተላለፍ ሌላ፣ እማዬ ደጅ ድረስ ምሰሶ ተክሎ ገመድ መሳብ ሌላ። ሌላም ልጨምር፣ የሱቁ ባነር ላይ "ታዳሽ ኃይል" ብሎ በትልቁ ጽፎ ሶላር ብቻ ታዳሽ አስመስሎታል፣ የሀገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው፣ አዳማ ላይም ነፋሱ አለ፣ ሁሉም ታዳሽ ነው። ቆጣሪ ያለው ሰው ሶላር ሚገዛው ታዳሽ ስለሆነ ሳይሆን መብራት ስለሚሄድበት ነው፣ ያንን በግልጽ ቢሉት ምን ነበረበት።

ኩበትስ ታዳሽ አይደል? ከብቱ እስካለ በየቀኑ ይመጣል። ግን የነደደው ኩበት ገብስ ማሳው ላይ አልተበተነም፣ የታደሰው በአንድ በኩል ተቀንሶ ነው። ስለዚህ ያኔ ከሶላሩ ጋር ያስጫንኩላትን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሳላነሳ አልሄድም፣ ምርጥ ምድጃ ሚባለው፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ሚሠራው፣ ምጣዱ ላዩ ላይ ገጥሞ ሚቀመጥበት። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይባላል፣ እማዬ በራሷ ቆጠራ ያው ሆኖላታል፣ ሁለት ቁና ሚፈጀው አንድ ይበቃኛል ትላለች። ከሶላሩ ዋጋ ጋር ብታነጻጽሩት ምንም በለው፣ ስክሪን የለው ገመድ የለው፣ ግን ከገዛሁላት ሁሉ ማንን ትመርጫለሽ ብላት ሳታስብ "ምድጃውን፣ ዓይኔን አዳነልኝ" ነው ያለችኝ። ከአሥር አሥር።

የባትሪውን ጉዳይ ሱቁ ጋ ከጥር ጀምሮ ስመላለስ ከረምኩ። "ዋስትናው ለፓኔሉ ነው ወንድሜ፣ ባትሪ ዋስትና የለውም።" ፓኔል እኮ ሃያ ዓመት ሚያገለግል ነገር ነው፣ እሱን ዋስትና መስጠት ለድንጋይ ዋስትና መስጠት ነው። የሚዛኑን ፎቶ ሳሳየው "ቀላል ሞዴል ነው" አለኝ። ቀላል ሞዴል! ደረሰኙ ላይ "ሶላር ሙሉ ዕቃ" ብሎ በአንድ መስመር ስለጻፈው የባትሪው አምፔር የትም የለም፣ እናንተ ዝርዝሩን አስጽፉ። በኋላ ልዩነት ጨምረህ ሌላ ውሰድ አለኝ፣ ተውኩት።

አዲሱን ባትሪ መስከረም ላይ ሌላ ቦታ ገዛሁ፣ ሊቲየም አምሮኝ ነበር፣ እሱ ከመቶው ሰማንያውን ቢጠቀሙበትም አይጎዳም፣ ኪሴ ግን እንቢ አለ፣ ስለዚህ ያው ጄል። ከመክፈሌ በፊት ሚዛን ጠየቅኩ፣ ሻጯ ሳቀችብኝ፣ "ሥጋ ነው እንዴ ምትገዛው?" ከጎን ካለው እህል ቤት ተውሰን መዘንነው፣ 29 ኪሎ ከምናምን። መናኸሪያ ላይ ረዳቱ በአንድ እጁ ሊያነሳው ሞከረና አቃተው፣ ጓደኛውን ጠርቶ ለሁለት ጫኑት፣ "ይሄማ ሰው ነው፣ ጭማሪ ትከፍላለህ" አለኝ። ሳልከራከር ከፈልኩት።